«ብርቱ» የተባለው ማግኔታዊ መስክ ለማን ብርቱ ነው? በስስ ሴሚኮንዳክተሮች ጥናት ላይ የቀረበ ሒስ

በዚህ ጽሑፍ የምንሒሰው አንድን መጽሐፍ ወይም አንድን መምህር አይደለም፤ አንድን የአቀራረብ ልማድ ነው። ውፍረታቸው የጥቂት አቶሞች ብቻ በሆነ ሴሚኮንዳክተሮች ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች በብርቱ ማግኔታዊ መስክ ሥር ምን ይሆናሉ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የመግቢያ መጻሕፍቱ፣ እነርሱንም ተከትለን በየሴሚናሩ የምንቀርብ ተማሪዎች፣ ነገሩን የምንጀምረው ከአንድ ብቸኛ ኤሌክትሮን ነው። ብቸኛውን ኤሌክትሮን በመስኩ ውስጥ እናሽከረክረዋለን፤ የጉልበት ደረጃዎቹን እናሰላለን፤ ሥዕሉን በሰሌዳ ላይ እናሳምራለን፤ በመጨረሻም ጊዜ ሲያጥረን «ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው በመገፋፋታቸው ጥቂት እርማት ይኖራል» ብለን እንዘጋለን። እኛም የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ይህንኑ ስላደረግን ሒሱ ከራሳችን ይጀምራል። የምንለውም ይህ ነው፤ በእነዚህ ስስ ክሪስታሎች ውስጥ እርማት የተባለው መገፋፋት ዋናው ነገር ነው፤ ዋና ተብሎ በመጀመሪያ የሚሰላው የመስኩ ሥራ ደግሞ ወደ እርማት የሚጠጋ ነው።

ይህ ጉዳይ ወልቂጤንና ቡታጅራን ምን አገባቸው የሚል አንባቢ አይጠፋም። በወልቂጤ አጠገብ፣ ጉብሬ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከቡታጅራ፣ ከእምድብር፣ ከአገናና ከሌላም አገር የመጡ ወጣቶች ፊዚክስ ይማሩበታል። ፈሳሽ ሂሊየምና የ10 ቴስላ ማግኔት በእጁ የሌለ ተማሪ መሣሪያው እርሳስና ወረቀት፣ ቢበዛም አንድ ኮምፒዩተር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚያገኘውም ጊዜ ጥቂት ወራት ብቻ ነው። እነዚያን ወራት ቀድሞ ለተፈታ ጥያቄ ቢያውላቸው፣ መሣሪያ በማጣቱ ላይ ጊዜውንም ያጣል። ስለዚህ ከምን እንደሚጀመር መከራከር የቃላት ጨዋታ አይደለም።

አስቀድመን ስለ ክሪስታሎቹ ጥቂት እንበል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አንዳንድ ክሪስታሎች እንደ ደብተር ገጽ የተደራረቡ ናቸው፤ በየንጣፉ ውስጥ አቶሞቹ በጠንካራ ማሠሪያ ተያይዘዋል፤ ንጣፍን ከንጣፍ የሚይዘው ግን ደካማ ነው። አንድ ጓደኛችን ይህን በእንሰት መስሎ አስረዳ። የእንሰት ግንድ የሚመስለን የቅጠሎቹ እግሮች ተደራርበው የሠሩት ነው፤ ለቆጮ ሲዘጋጅ አንዱ ከአንዱ በቀላሉ ይላቀቃል፤ አንዱን ራሱን በአግድም ለመበጠስ ግን ብዙ ያስቸግራል። ለመላላጡ ነገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በ2004 ማንቸስተር ላይ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮስዮሎቭ ግራፋይትን በስኮች እየላጡ የአንድ አቶም ውፍረት ያለውን ግራፊን ለይተው አሳዩ፤ በ2010ም የኖቤል ሽልማት አገኙበት። የእርሳስ ግራፋይትና ስኮች ቡታጅራ ውስጥ ከማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይገኛሉና፣ የመላጡን ሥራ ቢያንስ ሞክሮ ማየት ለማንም አይከለከልም። ግራፊን ግን ሴሚኮንዳክተር አይደለም፤ በጉልበት ደረጃዎቹ መካከል ክፍተት የለውም። ክፍተት ያላቸው እነ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ፣ ሞሊብዲነም ዳይሰሌናይድና ታንግስተን ዳይሰሌናይድ ናቸው። የእነዚህ አንድ ንጣፍ ሦስት የአቶም ረድፎች አሉት፤ ብረቱ በመካከል፣ ሰልፈሩ ወይም ሰሌኒየሙ ከላይና ከታች፤ ጠቅላላ ውፍረቱም ከአንድ ናኖሜትር ያንሳል። በ2010 የሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ነጠላ ንጣፍ ከወፍራሙ ይልቅ እጅግ አብልጦ ብርሃን እንደሚሰጥ ከታወቀ ወዲህ የተመራማሪዎች ዓይን ወደነዚህ ዞሯል።

አሁን ወደ ልማዱ ሥዕል እንመለስ። መስኩ ንጣፉን ቀጥ ብሎ ሲያቋርጠው ኤሌክትሮኑ በክብ ይዞራል፤ ሌቭ ላንዳው በ1930 እንዳሳየውም የዚህ ዙረት ጉልበት እንደ መሰላል ደረጃ የተከፋፈለ ነው። መስኩ 10 ቴስላ ሲሆን የትንሹ ዙረት ስፋት 8 ናኖሜትር ያህል ነው፤ አንዱ ደረጃም በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 240 ቢሊዮን ገደማ ኤሌክትሮኖችን ይይዛል። መስኩ ሲጨምር ቦታው ይበዛል፤ በደረጃና በደረጃ መካከል ያለው ርቀትም ይሰፋል። ሒሳቡ የሚያምር ሒሳብ ነው፤ በአንድ የትምህርት ሰዓትም ያልቃል። የሚወደድበትም ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ይኸው ማለቁ ነው።

10 ቴስላን «ብርቱ» ማለት ተገቢ መሆኑን በአገራችን ቁጥር ማስረዳት ይቻላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲባል የተቋቋመው ታዛቢ ጣቢያ ከ1958 ጀምሮ የምድራችንን ማግኔታዊ መስክ ሲለካ ኖሯል፤ መጠኑ ከአንድ ቴስላ ሚሊዮንኛ ክፍልፋይ 36 ያህሉ ነው። 10 ቴስላ የዚህ 280 ሺህ እጥፍ ገደማ ነው። ለኮምፓስ፣ ለቁልፍ፣ ለሰው ሁሉ ብርቱ ነው። ጥያቄያችን ግን ለኤሌክትሮኑ ብርቱ ነው ወይ የሚል ነው። ብርቱና ደካማ የሚባለው ደግሞ ከሌላ ነገር ጋር ሲመዛዘን እንጂ ብቻውን አይደለም፤ ኤሌክትሮኑ መስኩን የሚመዝንበት ሚዛን የጎረቤቱ ኤሌክትሮን መግፋት ነው።

ሚዛኑን እንያዝ። በአንድ ወገን ደረጃን ከደረጃ የሚለየውን ጉልበት እናስቀምጣለን፤ ይህ ከመስኩ ጋር እኩል ያድጋል፤ ኤሌክትሮኑ በክሪስታሉ ውስጥ የሚያሳየው መጠነ ቁስ በከበደ ቁጥርም ያንሳል። በሌላው ወገን ሁለት ኤሌክትሮኖች በአንድ ዙረት ስፋት ርቀት ላይ ሆነው የሚገፋፉበትን የኩሎም ጉልበት እናስቀምጣለን፤ ይህ ደግሞ የሚያድገው በመስኩ ካሬ ሥር ልክ ብቻ ነው፤ በዙሪያው ያለው ቁስ መገፋፋቱን ባለዘበ ቁጥርም ይቀንሳል። የቀድሞው ትውልድ ይህን ፊዚክስ የተማረበት ቁስ ጋሊየም አርሰናይድ ነው። በእርሱ ውስጥ ኤሌክትሮኑ ቀላል ነው፤ መጠነ ቁሱ ከነጻው ኤሌክትሮን 0.067 እጥፍ ነው፤ ክሪስታሉም መገፋፋቱን 13 ጊዜ ያህል ያለዝበዋል። በ10 ቴስላ ብናሰላው የመስኩ ድርሻ 17 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት፣ የመገፋፋቱ ድርሻ 14 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይወጣል። ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ መስኩም ትንሽ ይበልጣል። እዚህ ላይ ከመስኩ መጀመር ምክንያት አለው፤ ማንም አይነቅፈውም።

በነጠላው ንጣፍ ግን ሌላ ነው። ኤሌክትሮኑ ከባድ ነው፤ መጠነ ቁሱን ዝቅ አድርገን 0.5 ብንወስድ እንኳ ለመስኩ የሚደርሰው 2.3 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። ንጣፉ ስስ ስለሆነ መገፋፋቱን የሚያለዝብ ብዙ ቁስ በውስጡ የለም፤ በሁለት የቦሮን ናይትራይድ ሽፋኖች መካከል ሲቀመጥ ማለዘቢያው ቁጥር 4.5 ያህል ቢሆን የመገፋፋቱ ጉልበት ወደ 40 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ይደርሳል። አንዱ ከሌላው አሥራ ሰባት እጥፍ ማለት ነው። አንባቢ ቁጥሮቻችንን ቢጠረጥር መብቱ ነው፤ መጠነ ቁሱ ከናሙና ወደ ናሙና ይለያያል፤ ከንጣፉ አጠገብ ያለ የብረት በርም የሩቁን መገፋፋት ይሸፍነዋል። ይሁን እንጂ የመገፋፋቱን ድርሻ በግማሽ ብንቆርጠው እንኳ ስምንት እጥፍ ይቀራል፤ ስምንት እጥፍ የሆነውን ነገር እርማት ብሎ መጥራት ደግሞ ቋንቋን ማዛባት ነው።

«እንግዲያስ መስኩን እንጨምር» የሚል ይኖራል። ሁለቱን ለማስተካከል በ10 ቴስላ ላይ የ17ን ካሬ ማብዛት፣ ማለትም ወደ 2,900 ቴስላ መውጣት ያስፈልጋል። ሳይቋረጥ በሚሠራ ማግኔት እስካሁን የታወቀው ከፍተኛው መጠን 45 ቴስላን ጥቂት የሚያልፍ ነው፤ ማግኔቱን ሳይሰብሩ በቅጽበት ምት የተገኘውም በ2012 ሎስ አላሞስ ላይ የተደረሰበት 100 ቴስላ ነው። ቶኪዮ ላይ በ2018 1,200 ቴስላ ተደርሶ ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው እየፈነዳ ለሚሊዮንኛ ሰከንድ ክፍልፋይ ነው፤ ስሱን ናሙና አስቀምጦ በእርጋታ የሚለካበት አይደለም። በ45 ቴስላም ቢሆን መገፋፋቱ መስኩን ስምንት ጊዜ ይበልጠዋል። ስለዚህ ለእነዚህ ቁሶች «ብርቱ መስክ» የሚለው አነጋገር፣ ብርታቱ በማን ዘንድ እንደሆነ ካልተነገረ፣ ተማሪውን ያሳስተዋል።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ያህል የብቸኛው ኤሌክትሮን ሥዕል እስከ ዛሬ ለምን እንደቆየ መጠየቅ ይገባናል። ውሸት ስለሆነ አልቆየም። ክላውስ ፎን ክሊትሲንግ በ1980 ግሬኖብል ላይ የሆልን መከላከያ ሲለካ በየደረጃው ቀጥ ያለ ሜዳ አገኘ፤ የሜዳዎቹ ቁጥር ከ25,812.807 ኦም እየተካፈለ የሚወጣ ነው፤ ይህም በየትኛውም ቁስ ቢሆን አይለወጥም። በቁስ የማይለወጥ ቁጥር ባለበት ስለ ጎረቤት ኤሌክትሮን የሚያስብ ማን ነው? ከዚህም በላይ ዋልተር ኮን በ1961 ያረጋገጠው አንድ ሕግ አለ። ብርሃን ኤሌክትሮኖቹን ሁሉ በአንድነት ሲወዘውዛቸው፣ የሚታየው የዙረት ፍጥነት በመገፋፋታቸው አይለወጥም፤ ምክንያቱም አንዱ ሌላውን የገፋበት ያህል ሌላውም አንዱን ስለሚገፋ በጠቅላላው ጉዞ ላይ ይጣፋል። በመስቀል ሰሞን ወደ ወልቂጤ የሚወርደውን አውቶቡስ ያየ ይህን ያውቀዋል። ውስጥ ያለው ሰው ከነዕቃው ይጋፋል፤ ይጨቃጨቃል፤ አንዱ የሌላውን እግር ይረግጣል። አውቶቡሱ ግን በዚህ አይፈጥንም፤ አይዘገይምም። ከመንገዱ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ባዶ ነው ወይስ ሙሉ የሚለውን ከፍጥነቱ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። ብዙ ጊዜ የለካነው አውቶቡሱን ነበር፤ ስለ ተሳፋሪዎቹ ግን እንደምናውቅ አድርገን ተናገርን።

ተሳፋሪዎቹን የሚያሳየው ልኬት ሌላ ነው። ዳንኤል ጹይ፣ ሆርስት ሽቶርመርና አርተር ጎሳርድ በ1982 በጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ ደረጃው አንድ ሦስተኛው ብቻ ሲሞላ አዲስ ሜዳ አገኙ። ለብቸኛ ኤሌክትሮን በዚህ ሥፍራ ምንም የሚያቆመው ምክንያት የለውም። በሚቀጥለው ዓመት ሮበርት ላፍሊን ኤሌክትሮኖቹ እየተራራቁ አንድ ላይ የሚፈሱበትን ሁኔታ ጽፎ ምክንያቱን አስረዳ። ይህ ሥራ ታላቅ ነው፤ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ላፍሊን ኤሌክትሮኖቹን ሁሉ በታችኛው ደረጃ ላይ ብቻ አስቀምጦ ነው ያሰላው። ይህ በሁለቱ ጉልበቶች ተቀራራቢነት ምክንያት በጋሊየም አርሰናይድ የሚታለፍ ድፍረት ነበር። ወደ ነጠላው ንጣፍ ሲመጣ፣ አሥራ ሰባት እጥፍ የሆነው መገፋፋት ኤሌክትሮኑን ወደ ላይኞቹ ደረጃዎች ስለሚያወጣው፣ «ታችኛው ደረጃ» የሚለው ስም ራሱ ትርጉሙን ያጣል። ብዙ የሴሚናር ጽሑፎቻችን የላፍሊንን ሐሳብ ከአንዱ ቁስ ወደ ሌላው ሲያሸጋግሩ ይህን ወንዝ በየት በኩል እንደተሻገሩት አይናገሩም።

የነጠላው ንጣፍ ልኬቶችም የሚያሳዩት ይህን ነው። በ2017 በታንግስተን ዳይሰሌናይድ በተደረገ ጥናት፣ የስፒን መለያያ ጉልበት በቦታው ባሉት ቻርጆች ብዛት ሲለዋወጥ ታየ። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ለእኛ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን ኖሮ ጎረቤቶቹ አሥር ሆኑ መቶ የራሱ መለያያ ባልተለወጠ ነበር። በ2020 በዚሁ ቁስ በአንድ ንጣፍ ውስጥ የክፍልፋይ ሜዳዎች ታዩ፤ ከእነርሱም መካከል በተለመደው ሥርዓት የማይጠበቅ፣ ታችኛው ቁጥሩ ሙሉ የሆነ ክፍልፋይ ነበረ። በ2021 ደግሞ የዙሪክ ተመራማሪዎች በሞሊብዲነም ዳይሰሌናይድ ነጠላ ንጣፍ ኤሌክትሮኖች እንደ ክሪስታል ቦታ ቦታቸውን ይዘው እንደቆሙ የሚያመለክት የብርሃን ምልክት አገኙ። ይህን ዩጂን ዊግነር በ1934 ተንብዮት ነበር። እጅግ የሚያስገርመው ግን በዙሪክ ምልክቱ የታየው ማግኔታዊ መስክ ሳይኖርም ጭምር መሆኑ ነው። እንዴት እንደሚሆን በቀላል ሒሳብ ይታያል፤ በካሬ ሴንቲሜትር 100 ቢሊዮን ኤሌክትሮኖች ሲኖሩ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ክበብ ራዲየስ 18 ናኖሜትር ያህል ነው፤ የቁሱ የቦር ራዲየስ ደግሞ ግማሽ ናኖሜትር አይሞላም፤ ሲካፈል 37 ገደማ ይወጣል። ኤሌክትሮኖች የሚረጉበት ድንበር ከ31 እስከ 37 ባለው መካከል እንደሆነ በኮምፒዩተር የተሠሩ ስሌቶች ያሳያሉ።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ምሳሌ በመካከላችን ተነሥቶ አከራክሮናል። አንዱ ባልደረባችን ይህን የኤሌክትሮን ክሪስታል ከጀፎረ ጋር አመሳሰለው፤ በጉራጌ መንደር በሰፊው ሣር መንገድ ግራና ቀኝ ቤቶቹ ሥርዓት ይዘው እንደሚቆሙ ሁሉ ኤሌክትሮኖቹም ይቆማሉ አለ። ለዓይን ያማረ ቢሆንም እኛ አልተቀበልነውም። ጀፎረ የሚጠበቀው ሰዎች ተስማምተው፣ ሽማግሌዎችም ወሰኑን አስከብረው ነው፤ ሥርዓቱ ከስምምነት ይመጣል። የኤሌክትሮኖቹ ሥርዓት ግን የሚመጣው ከመጠላላት ነው፤ ማንም ወሰን አያካልላቸውም፤ እያንዳንዱ ከሁሉም በእኩል ሲሸሽ ሦስት ማዕዘን እየሠራ የተደረደረ ቅርጽ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ድርድር በ2024 የፕሪንስተን ተመራማሪዎች በሁለት ንጣፍ ግራፊን፣ በማግኔታዊ መስክ ሥር፣ በማይክሮስኮፕ በቀጥታ አሳይተዋል። በዚያ ሥራ የመስኩን ድርሻ በትክክል ማየት ይቻላል፤ መስኩ ኤሌክትሮኑ እንደ ልቡ እንዳይሮጥ ይይዘዋል፤ ረድፍ የሚያስይዘው ግን መገፋፋቱ ነው።

የአማርኛውን አጠራር በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ እንጨምራለን። «መስተጋብር» የሚለው ቃል ለብዙ ነገር ስለሚያገለግል ተማሪው ሲሰማው መስማማት ያለ ይመስለዋል። በዚህ ጽሑፍ «መገፋፋት» ያልነው ሆን ብለን ነው።

ከመምህራን የሚቀርብልን ተቃውሞ ይታወቀናል። ጀማሪ ከአንድ ካልጀመረ ከምን ይጀምር? የብዙ ኤሌክትሮኖችን ስሌት በወረቀት የሚፈታ ማን አለ? ተቃውሞው እውነት አለው። ላንዳውን ሳያውቅ ላፍሊንን የሚረዳ የለም፤ የብቸኛው ኤሌክትሮን ሒሳብ ከትምህርቱ ይውጣ አላልንም። ያልነው የሁለቱ ጉልበቶች ሚዛን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀመጥ ነው፤ አምስት መስመር አይፈጅም፤ ተማሪውም የሚያሰላው ነገር ለየትኛው ቁስ እንደሚሠራ አስቀድሞ ያውቃል። «አይፈታም» ለሚለው ግን ሙሉ በሙሉ እጅ አንሰጥም። አራት ኤሌክትሮኖችን በሉል ላይ አድርገን የአንድ ሦስተኛውን ሁኔታ እናስላ፤ ስፒናቸውም አንድ ዓይነት ይሁን። ታችኛው ደረጃ 10 ቦታዎች አሉት፤ አራቱ በ10 ቦታ የሚቀመጡበት መንገድ 210 ነው። ይህ በማንኛውም የተማሪ ኮምፒዩተር ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል። ሁለተኛውን ደረጃ ስንጨምር ቦታው 22፣ መንገዱ 7,315 ይሆናል፤ ሦስተኛውን ስንጨምር 58,905፤ አራተኛውን ስንጨምር 270,725። እስከዚህ ድረስ ጉብሬ ያለ ተማሪ፣ ወይም ለዕረፍት ቡታጅራ የገባ ተማሪ፣ መብራት ካልጠፋበት፣ በራሱ ኮምፒዩተር ሊሠራው ይችላል። እስከ አሥረኛው ከሄደ ግን ከ52 ሚሊዮን ያልፋል፤ በዚህ ጊዜ የሉሉን ዙሪያ ተመሳሳይነት ተጠቅሞ ስሌቱን መከፋፈል ግድ ይሆንበታል።

አሁን ያልጠራን ነገር ይህ ነው፤ መገፋፋቱ አሥራ ሰባት እጥፍ በሆነበት ቁስ ስንት ደረጃዎችን ከቆጠርን በኋላ ውጤቱ መለዋወጡን ያቆማል? በአራት ኤሌክትሮኖች የተገኘው መልስስ ለስድስት ይጸናል ወይ? ይህን የሞከረ ባልደረባ ቢኖር፣ ያልተሳካለትም ቢሆን፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሚቀጥለው ሴሚናር ይምጣ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የእርሱ ነው።